ጠብቆ ወይስ ላልቶ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቼ ምን ስሠራ እንደኖርኩ ይጠይቁኝ ጀመር። ልደታ ከገባሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ጠዋት ወጥቼ ማታ የምገባ ሴት ስለነበርኩ ግን የሚያውቁኝ ደረጃ ላይ በምንለዋወጣት ሰላምታ ብቻ ነው። አስተማሪ ነበርኩ እላቸዋለሁ። የስንተኛ ክፍል ይሉኛል። መስማት የተሳናቸው ልጆች አስተማሪ ስል ፊታቸው ይለወጥና ጽድቅ ነው የሠሩት ይሉኛል። ኧረ ጽድቅ አይደለም። ደመወዝ የሚከፈልበት፣ ሰዓት የሚፈረምበት፣ ሰው የሚሳሳትበት ሥራ ነው። እኔም ተሳስቼበታለሁ።

ያስተማርኩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ከቤቴ በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ ስሙን አልጠራም። የእኛ ክፍል ከግቢው ጥግ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ቀጥላ ያለችው ናት። ዳቦ ልገዛ ስወጣ በአጥሩ በኩል አያታለሁ። ተቆልፋለች። በእኔ ቦታ ሰው ስላልተመደበ ልጆቹን በየመደበኛው ክፍል በተኗቸው። ባለፈው ሰኔ ተተኪ መምህር የጠየቅኩበት ቅጽ መልስ አልመጣም። ስለዚያ ቅጽ በኋላ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ስለ ሌላኛው ቅጽ ልናገር፤ እኔ ስላበላሸሁት።

እዚያ ክፍል የገባሁት ፈልጌ አይደለም። አንደኛ ክፍል አስተምር ነበር። ወጣት ነበርኩ፣ ምላሴም አያርፍም። በሳምንት ከሌሎቹ የበለጠ ክፍለ ጊዜ ሰጥተውኛል ብዬ ርዕሰ መምህሩን በስብሰባ መሐል ተናገርኩት። እሱም ነገር የሚቋጥር ሰው ነበረና በሚቀጥለው ሳምንት አስጠርቶ ምላስ የማያስፈልግበት ክፍል መድቤሻለሁ አለኝ። የጥቂት ወር ሥልጠና ወስጄ ተመለስኩ። በመምህራን ማረፊያ የማይቀልድብኝ አልነበረም። አሥር ልጅ ይዛ እንደኛ ደመወዝ ትበላለች ይላሉ፤ ጸጥታ ለምኖ የማያገኝ አስተማሪ ያንቺስ ክፍል ገነት ነው ይለኛል። ገብቶ ቢያየው ጉድ ይል ነበር። በግቢው ውስጥ እንደኛ የሚንጫጫ ክፍል አልነበረም። ወንበር ሲጎተት የማይሰማው ልጅ ወንበሩን ለምን ብሎ ያነሳዋል? በርም እንደዚያው ነው።

ሥራውን ያስተማረኝ ሥልጠናው ሳይሆን ጋሽ ተሰማ ነው። እኔ ስመደብ እሱ እዚያ ክፍል ብዙ ዘመን ቆይቷል። ራሱም መስማት የተሳነው ነበር፤ በዘጠኝ ዓመቱ በትኩሳት ጆሮው ጠፋ። ከዚያ በፊት አፉን ስለፈታ ይናገራል፤ ድምፁ ግን ከፍ ዝቅ የማይል፣ ሁልጊዜ ሰው ከሩቅ የሚጣራ የሚመስል ነው። ስሙን የሰማ ሁሉ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እሱ ቀድሞ ይስቃል። «አባቴ ተሰማ ያለኝ ሳልደነቁር ነው» ይል ነበር፤ «ከደነቆርኩ በኋላ ለመቀየር አፈረ።» ደነቆረ የምትለዋን ቃል እሱ ብቻ ነበር የሚላት። ሌላ ሰው ሲላት ከከንፈሩ ላይ ካነበበ ቀኑን ሙሉ አያናግረውም።

በየቀኑ ጢሙን ይላጫል። ለማማር ነው ብዬ ነበር፤ ለካ ልጆቹ ከንፈሩን እንዲያዩት ነው። ክፍል ውስጥ መስኮት ከጀርባው ሆኖ ቆሞ አያውቅም። ብርሃን ከጀርባ ሲመጣ የአስተማሪው ፊት ይጨልማል፣ ለልጁ ደግሞ የጨለመ ፊት ማለት የተዘጋ አፍ ነው። ወንበሮቹን በግማሽ ክብ ያስቀምጣል፣ ሁሉም ሁሉን እንዲያይ። ልጆቹን ሲፈልጋቸው ወለሉን በእግሩ ይመታል፤ የእንጨት ወለል ስለነበር በጫማቸው ይገባቸዋል። እኔ ልማዴ ሆኖ እየጻፍኩ ስናገር ጠመኔውን ከእጄ ቀምቶ ሰሌዳው ተማሪ አይደለም ይለኝ ነበር። ስንት ጊዜ ቀምቶኛል መሰላችሁ።

ለእያንዳንዱ ልጅ የምልክት ስም የሚያወጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። የእኔን ያወጡት በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ቅንድቤ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለችኝ፣ ሁለት ጣት በቅንድብ ላይ ሆነ ስሜ። ባሌ ሳይቀር እንደዚያ ይጠራኝ ነበር፣ ሊያበሳጨኝ ሲፈልግ።

ከጋሽ ተሰማ ሁሉ ነገር ግን የሚደንቀኝ ማጥበቅና ማላላት የሚያስተምርበት መንገድ ነው። እኛ አማርኛ ስናነብ የትኛው እንደሚጠብቅ የትኛው እንደሚላላ ጆሯችን ስለሚነግረን ልብ አንለውም። «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉም ገና ነው፣ ያልደረሰውም ነገር ገና ነው፤ ወረቀት ላይ አይለይም። ሰምቶ ለማያውቅ ልጅ ይህን እንዴት ታስረዱታላችሁ? ጋሽ ተሰማ የልጁን መዳፍ ይይዛል። ቃሉ ሲላላ በስሱ ይነካዋል፣ ሲጠብቅ ጭብጥ ያደርገዋል። በሌላኛው እጅ ልጁ የተነፋ ፊኛ ጉንጩ ላይ ይይዛል፤ አስተማሪው ፊኛው ላይ ሲናገር ድምፁ በቆዳው ይገባዋል። በመጨረሻ ልጁ የራሱን ጉሮሮ ይይዝና ይሞክራል። ለአንድ ቃል ወር ይፈጃል። ወር ፈጅቶም ላይሆን ይችላል።

ለወረቀትም ሕግ ነበረው። ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የሚሄድ ሪፖርት ሁሉ እፊቱ ቆሜ አነብለታለሁ፤ ሁለት ጊዜ። እሱ ከንፈሬን ያያል፣ መዳፉን ዘርግቶ ይሰጠኛል፣ እኔ ደግሞ በሚጠብቀው ላይ እጨብጠዋለሁ። ሁለት ዓይነት የሚነበብ ቃል ካገኘ ያሰርዘኛል። ሰነፍ ሰው አይወደውም ነበር፣ እኔም መጀመሪያ አልወደድኩትም። የሰፈር ዕድር ደብዳቤ እንኳ እንደዚያ አይጣራም ብዬ አጉረመርም ነበር።

ሀያት የመጣችው የሰባት ዓመት ልጅ ሆና ነው። ቤታቸው ጌጃ ሰፈር ነው፣ አባቷ መጋረጃ ሰፊ ነው። እናቷ ወይዘሮ ዘሀራ የወሎ ሴት ናት፣ ቀጠን ያለች፣ አጥብቃ የምትናገር። የልጅቷን አንጓ ጨብጣ አስገባቻትና፣ ስለቃት የት እንደምትሄድ አላውቅም፣ ብጠራት አትዞር አለችኝ። ልጆቹ ሀያትን አዩዋትና ጉንጯ ላይ ያለችውን ስርጉድ በጣት ነካ ማድረግ ስሟ ሆነ። በሳምንቱ ምልክት ትቀዳ ነበር፣ በዓመቱ ፊደል ጨረሰች። ድምፅ ግን አላወጣ አለች። ጉሮሮዋን ይዛ አፏን ትከፍታለች፣ ትንፋሽ ብቻ ይወጣል። ጋሽ ተሰማ ይህች ልጅ ድምፅ አላት፣ አትቸኩይ ይለኛል። ሁለት ዓመት አልቸኮልኩም።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት «አለ» የሚለውን ቃል እየሠራን ነበር። ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ በቦታው ይገኛል ማለት ነው። ወይዘሮ ዘሀራ ልጇን ልትወስድ መጥታ እንደ ልማዷ ከበሩ ውጭ ቆማለች። የሀያትን መዳፍ ይዤ ወደ በሩ አሳየኋትና ጨበጥኳት። ሀያት ጉሮሮዋን ያዘች። «እማ አለች» አለች። አጥብቃ፣ ልክ እንደሚባለው። ድምፁ ሻካራ ነበር፣ ግን ቃል ነበር። ከበሩ ውጭ እናትየው «አለሁ፣ አለሁ የኔ እናት» ስትል ሰማሁ። ያን መልስ ከክፍሉ ውስጥ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሌሎቹ የት ይሰሙታል? ወጥቼ ሳያት ሴትዮዋ ጫማዋን አውልቃ ተቀምጣለች፤ ለምን እንዳወለቀች አላውቅም። እኔም አለቀስኩ። በሥራ ዘመኔ ክፍል ውስጥ ያለቀስኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት ሰኔ ቅጹ መጣ። በየዓመቱ የሚመጣ ነው፤ የልጆቹ ስም፣ ዕድሜ፣ የጉዳት ዓይነት ይሞላል፣ በመጨረሻ አስተያየት የሚል ሰፊ ሳጥን አለ። የሚቀጥለው ዓመት መምህር የሚመደበው በዚያ ነው። እኛ ጋ በነበረው አሠራር አሥር ልጅ ካለ ሁለት አስተማሪ ይፈቀዳል፤ ከአሥር ከጎደለ አንድ። እኛ አሥር ልክ ነበርን። ጋሽ ተሰማ ደግሞ በዚያው ወር ጡረታ ይወጣ ነበር። ቦታው እንዳይታጠፍ ሥራችን ፍሬ እንዳለው ማሳየት አለብኝ ብዬ አሰብኩ። ጋሽ ተሰማ የጡረታ ወረቀቱን ሊያስጨርስ ሄዶ ነበር፣ ቅጹ ደግሞ ነገ ይድረስ ተብሏል። ሳላነብለት ቅጹን አስረከብኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ አፍስሼ መልቀምም አልሆነልኝ።

ሀያት አጠገብ ባለው ሳጥን የጻፍኩት ይህን ነው፤ «ስትናገር ከክፍሉ ውጭ ድረስ ትሰማለች።»

በመስከረም ሁለት ደብዳቤ መጣ። አንደኛው ተማሪ ሀያት የመስማት ችሎታዋ የተሻሻለ በመሆኑ ወደ መደበኛ ክፍል ትዛወር ይላል። ሁለተኛው ቁጥራችን ዘጠኝ ስለሆነ በጋሽ ተሰማ ቦታ ሰው አይመደብም ይላል። ደብዳቤውን ይዤ ቆምኩ። መጀመሪያ የሌላ ልጅ መስሎኝ ነበር።

ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይህን ልመስክርለት። አንድ የሠለጠነ መምህር ይዞ ስንት ትምህርት ቤት ይለምነዋል። ቅጹን አወጣና በእርጋታ አነበበልኝ። ስትናገር፣ ማለትም አንተ ስትናገር። ከክፍሉ ውጭ ድረስ፣ ማለትም ውጭ ሆና እንኳ። ትሰማለች፣ አላልቶ። ምን አጠፋሁ አለኝ። ጠብቆ ነው የሚነበበው፣ ድምጿ ይሰማል ለማለት ነው፣ የምትናገረውም እሷ ናት አልኩት። ደግሞ አነበበው፣ በልቡ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። ሳቁ መጣና ፊቴን ሲያይ ዋጠው።

«ገብቶኛል እመቤት» አለኝ። «ግን ድልድሉ ጸድቋል፣ ፊርማው የእርስዎ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። አለመስማቷን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ያምጡልኝ፣ አስተካክላለሁ።»

የሐኪም ማስረጃ ወር ፈጀ፣ ከዚያ ሌላ ወር። የመመርመሪያው መሣሪያ አንዴ ተበላሽቷል፣ አንዴ ባለሙያው የለም። ከወይዘሮ ዘሀራ ጋር ወረፋ ይዘን ስንት ጠዋት ተቀመጥን። እኔ የምቀመጠው ዘጠኙን ልጆች ለትምህርት ቤቱ ጸሐፊ አደራ ብዬ ነው፤ ሌላ ሰው የለኝማ።

ሀያት በዚያን ጊዜ ልጅ የተጨናነቀበት ክፍል ውስጥ ከኋላ ሦስተኛ ወንበር ላይ ነበረች። በዕረፍት ሰዓት በመስኮት አያታለሁ። አስተማሪዋ ደግ ሰው ነው፣ ግን ወደ ሰሌዳው ዞሮ ይናገራል፣ ጢሙም ከንፈሩን ሸፍኖታል። ይህን ስነግረው አዘነ፣ ለሁለት ቀን ወደ ልጆቹ ዞሮ ሞከረ፣ ከዚያ ረሳው። አልፈርድበትም፤ እኔም ጠመኔ እስክቀማ ዞሬ ነበር የምናገረው። ሀያት ሰሌዳው ላይ ያለውን ሁሉ፣ ቀኑንም ሳይቀር፣ አሳምራ ትገለብጣለች። ለእጅ ጽሕፈቷ በጣም ጥሩ ተብላለች። አንድ ቀን ተነሥታ አንድ ቃል ለማለት ሞከረች አሉኝ፤ ልጆቹ ድምጿን አስመስለው እየተቀባበሉ ሳቁ። ድምፃቸውን አልሰማችም፣ አፋቸውን ግን አየችው። ከንፈር ማንበብ ያስተማርናት እኛ ነን።

ማስረጃው የደረሰው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ኃላፊው ቃሉን ጠበቀ፣ ለሚቀጥለው መስከረም ስሟን መለሰው። መስከረም ሲጠባ ግን ሀያት አልመጣችም። ሳምንት ጠብቄ ጌጃ ሰፈር ወረድኩ። ከአባቷ የስፌት መኪና ጎን ተቀምጣ የመጋረጃ ጠርዝ ትቀምቅማለች። ቅንድቤን በሁለት ጣት ነክቼ ጉሮሮዬን ያዝኩ፤ እንሥራ ማለቴ ነው። ፊቷን አዞረች። መስማት የተሳነው ልጅ ሲያኮርፍ የሚዘጋው ዓይኑን ነው፣ ከዚያ በኋላ ምንም ብትሉት አይደርሰውም።

ወይዘሮ ዘሀራ ወንበር አቀረበችልኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ቲቸር፣ ወላሂ አልቀየምዎትም» አለችኝ። «አፏን የፈቱልኝ እርስዎ ነዎት። ግን ያቺን ቃል እቤትም ትታታለች። በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ አትላትም።»

ከዚያ ወደ አብነት ሰፈር፣ ጋሽ ተሰማ ቤት ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ እንዲሰድበኝ ይሆናል። ሁሉንም በምልክት ነገርኩት። የጻፍሽውን ጻፊው አለኝና ወረቀት ሰጠኝ። ጻፍኩት። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እርሳሱን ተቀብሎ ትሰማለች የሚለውን ሰረዘና ከላዩ ተሰማች ብሎ ጻፈ።

«ባለፈ ጊዜ ብትጽፊው ተ ትታይ ነበር» አለ በዚያ ከሩቅ በሚጣራ ድምፁ፤ ጎረቤቱ ሁሉ የሰማው ይመስለኛል። «ስሜን በየቀኑ እየጠራሽ አንድ ቀን መጻፍ አቃተሽ?»

ሻይ አፈላ፣ ጠጣን፣ መንገድ ድረስ ሸኘኝ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፈ። ቀብሩ ላይ የቀድሞ ተማሪዎቹ በምልክት ሲያወሩ ለቀስተኛው ዞሮ ዞሮ ያያቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን ባጭሩ ልናገር። ብቻዬን ሠራሁ። አንዳንድ ዓመት ወጣት አስተማሪ ይላክልኛል። ምልክት እስኪለምድ አንድ ዓመት ያልፋል፤ ሲለምድ ወይ የተሻለ ክፍያ ያገኛል ወይ ለትምህርት ይሄዳል፣ እኔም መርቄ እሸኛለሁ። ምን ላድርግ፣ ላስረው? መመሪያው ብዙ ጊዜ ተለወጠ። ልጆቹ ለብቻ ይማሩ ተባለ፣ ኋላ ደግሞ ከሌሎች ጋር በአንድ ክፍል ይማሩ ተባለ። ሁለተኛው ሐሳብ ደግ ነው፣ እኔ አልቃወመውም። ግን ምልክት የሚያውቅ አስተማሪ አብሮ ካልገባ ልጁ ሀያት የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። ይህን በየስብሰባው ተናግሬአለሁ። ምላሴ መቼ አርፎ ያውቃል። ወጣቶቹን ደግሞ ወረቀት ሁለት ጊዜ ሳያነቡ እንዳይልኩ አስለመድኳቸው፤ ከኋላዬ ይስቁብኛል፣ አውቃለሁ።

ባለፈው ሰኔ፣ ልወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ፣ ያንን ቅጽ ዘርግቼ ስሞላ አንዲት ሴት በር ላይ ቆመች። ሂጃብ አድርጋለች፣ የስድስት ዓመት የምትሆን ልጅ በእጇ ይዛለች። ሁለት ጣቷን ቅንድቧ ላይ አደረገች። ስርጉዷን ሳላይ በፊት አወቅኳት።

ስንት ዓመት ሙሉ ጌጃ ሰፈር ሳልፍ በአባቷ ሱቅ በኩል ላለማለፍ እዞር ነበር። እሷ ግን መጣች። የአባቷን ሥራ እሷ እንደያዘችው በምልክት ነገረችኝ፤ አንዳንዱ ምልክት ስለጠፋባት ስልኳ ላይ እየጻፈች ታሳየኛለች። ደንበኞቿን የምታናግረው በስልክ እየጻፈች ነው፣ ጽሕፈቷ አሁንም ያምራል። ልጅቷን ወደ እኔ ገፋ አደረገቻት። ልጄ ናት ብላ ጻፈች፣ ቀጥላም፣ ክፍሉ አለ?

መዋሸት አልፈለግኩም። እኔ ልወጣ ነው፣ የሚተካኝ የለም፣ ይህ ቅጽ ሰው እንዲመደብ የምጠይቅበት ነው፣ እሺ ይሉ እንደሆነ አላውቅም አልኳት። የልጅቷን ስም ጻፍኩ፣ ዕድሜዋን ጻፍኩ። የመስማት ሁኔታ በሚለው ላይ «አትሰማም» አልኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ አላልቼ፣ ጆሮዋ አይሰማም። አንዴ አጥብቄ፣ የሚሰማት የለም። እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። የትኛውን ልሰርዝ?

ሀያት ከንፈሬን እያየች ነበር። ጠረጴዛውን ዞራ መጣችና መዳፌን ያዘች። በስሱ ነካችኝ፣ ከዚያ ጨበጠችኝ፣ ቅንድቧን አነሳች፤ ላልቶ ነው ጠብቆ? እኔም መዳፏን ነካሁ፣ ከዚያ ጨበጥኩ። ሁለቱም ነው አልኳት።

እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች። አስተያየት በሚለው ሳጥን ውስጥ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ፣ ሳትቸኩል ጻፈች።

«እኔ አልተሰማሁም። ልጄ ትሰማ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱም ጊዜ አንድ ነው። «ትስማ» አላለችም፤ መስማት እንደማትችል ታውቃለች። ከሥሩ የመምህር ፊርማ የሚል መስመር ነበር፣ ፈረምኩበት።